አጭሩ በረራና ረጅሙ በረራ
(ለበረራ አስተናጋጆች ምረቃ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣ ልጆቻችሁን ለዚህ ያበቃችሁ ወላጆች፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

ስለ ሙያችን እንድናገር ስጠየቅ ከሠራሁባቸው መስመሮች ሁሉ አጭሩንና ረጅሙን መረጥኩ። አጭሩ ከባሕር ዳር ጎንደር ነው። ረጅሙ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ። የምድብ ሰሌዳ ሲወጣ የአብዛኞቻችሁ ዐይን ቀድሞ የሚፈልገው ረጅሙን እንደሚሆን አውቃለሁ። አበሉም እዚያ ነው፣ አገር ማየቱም እዚያ ነው። አልፈርድባችሁም። እኔ ዛሬ የቆምኩት ግን ለአጭሩ ጥብቅና ለመቆም ነው።

በመኪና ጣናን በምሥራቅ በኩል ዞሮ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬደው መንገድ በአየር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእኔ ጊዜ ፎከር 50 በተባለው አነስተኛ አውሮፕላን ነበር የምንሄደው። ሃያ ደቂቃ ገደማ ቢፈጅ ነው። ቀበቶ እናያለን፣ ከረሜላ እናዞራለን፣ ቁጭ ብለን ስንነሣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት አዘዞ ደርሰናል። ከረሜላውን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጥቶ ወዲያው ስለሚያቆለቁል ጆሮ ይደፈናል፤ ምራቅ ሲዋጥ ይከፈታል። ይህን ለተሳፋሪው የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፤ ካልነገራችሁት ጆሮውን ይዞ በፍርሃት ይቀመጣል።

አንድ ጊዜ ጋቢ የለበሱ አባት ከረሜላውን ተቀብለው ጋቢያቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። "ለልጅ ልጄ ነው" አሉኝ። ሁለተኛ ሰጠኋቸውና ይህኛው ለእርስዎ ጆሮ ነው አልኳቸው። ሐይቁ ላይ ስንደርስ "ደቅ የትኛዋ ናት?" ብለው ጠየቁኝ። ጎንበስ ብዬ በግራ መስኮት አሳየኋቸው። ናርጋ ሥላሴ ያለችባት ደሴት መሆኗን ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ከላይ ግን አይተዋት አያውቁም። ቀበቶውን እንዴት እንደፈቱት አላውቅም፣ ብድግ ብለው ሊሳለሙ ተነሡ። የቀበቶው መብራት በርቷል፤ ደንቡ አስቀምጪያቸው ይላል። ትከሻቸውን ደገፍ አድርጌ "ቁጭ ብለውም ይደርሳል አባቴ" አልኳቸው። ቁጭ ብለው ተሳለሙ። ቀበቶውን መልሼ አሰርኩላቸው።

እኒያ አባት ዳግም አውሮፕላን ተሳፍረው እንደሆነ አላውቅም። ስለ በረራ የሚያውቁት ነገር ሁሉ እነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የአገር ውስጥ በረራን የማከብረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳፈር ሰው የሚበዛው እዚያ ነው።

በዓለም ላይ መደበኛ ፕሮግራም ካላቸው በረራዎች ሁሉ አጭሩ ስኮትላንድ ውስጥ፣ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረገው ነው። ርቀቱ 2.7 ኪሎ ሜትር፣ የተያዘለት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ነፋስ ሲያግዝ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተጠናቆ ያውቃል። መምህራንና ሐኪሞች ለሥራ ይመላለሱበታል። በሁለት ደቂቃ በረራ ማስተማርና ማከም የሚቻልበት ደሴት አለ ማለት ነው።

ወደ ረጅሙ ልምጣ። ዋሽንግተንና አዲስ አበባ ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ከዋሽንግተን ስንነሣ በቀጥታ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በርረን ቦሌ እንገባለን። ከቦሌ ስንነሣ ግን ነዳጅ ለመሙላት መሃል ላይ ማረፍ ነበረብን። ተሳፋሪዎች ምክንያቱን ይጠይቋችኋል፤ በአግባቡ አስረዷቸው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላው ጉልበት አያገኙም። ስለዚህ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ መነሣት አይቻልም። ሌላም የምወደው ነገር አለ። ድሪምላይነር በተባለው የቦይንግ 787 አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ነው። የአዲስ አበባ ሰው ውቅያኖስ እያቋረጠ ከሰፈሩ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እንዳለ ይተነፍሳል ማለት ነው። አየሩ ግን ደረቅ ነው፤ ውኃ ያስፈልጋል።

ውኃውን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ልጆቻቸውን ጠይቀው የሚመለሱ አንዲት እናት ውኃ ባቀረብኩላቸው ቁጥር "ይቅርብኝ ልጄ" ይሉ ነበር። ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ አጠገባቸው ተንበርክኬ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው። መጸዳጃ ቤቱን ፈርተው ነው። ሲሄዱ ገብተው ጨልሞባቸዋል፤ በሩን መቀርቀሩንም አላወቁበትም። እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። መቀርቀሪያውን ሲገፉት መብራቱ ቦግ አለ፤ "ይኸው ነው?" አሉ። ተመልሰው ውኃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ። ምግቡንም ያልነኩት ረቡዕ ስለነበረ ነው፤ የጾም መሆኑን የነገራቸው የለም። እማማ፣ ይህ የጾም ነው ብሎ ማቅረብ ምን ይከብዳል?

አጭርም ረጅምም ያልሆነ አንድ መስመር ሳልጠቅስ አላልፍም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ ከሠሩት አንዷ ነበርኩ። ከሪያድ ቦሌ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ባዶ እግራቸውን የተሳፈሩ ልጆች ነበሩ። ከረጅሙ በረራ የተረፈ ካልሲ ፈልገን አደልናቸው። ቦሌ ስንደርስ አንዷ ከመቀመጫዋ አልነሣ አለች። ባዶ እጇን ቤተሰቧ ፊት መቅረብ ፈርታ ነበር። ሁሉም እስኪወርዱ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ አብረን ወረድን።

ልጆቼ፣ አደጋ ሲመጣ ሰው ማውጣትን ተምራችኋል፤ ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው፤ በሚገባ ያዙት። እኔ የምለምናችሁ ከዚያ ቀጥሎ ስላለው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳፈረውን ሰው በር ላይ ለዩት። የቦርዲንግ ወረቀቱን እያገላበጠ ይቆማል፤ ዐይኑ ቁጥር ሳይሆን ሰው ይፈልጋል። ሂዱና መቀመጫው ድረስ አድርሱት። ቀበቶውን ከማሰሩ ይልቅ መፍቻውን አሳዩት፤ የሚያስጨንቀው እሱ ነው።

መምህራንንና ኃላፊዎችን ደግሞ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በአገር ውስጥ በረራ ላይ የተሳፋሪውን ቋንቋ የሚናገር አስተናጋጅ ይመደብ። ጅማ በሚሄደው ላይ ኦሮምኛ፣ መቀሌ በሚሄደው ላይ ትግርኛ፣ ጅጅጋ በሚሄደው ላይ ሶማልኛ የሚችል ቢያንስ አንድ ሰው ይኑር። በዛሬዎቹ ተመራቂዎች መካከል እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገሩ አሉ፤ ምድቡ ሲወጣ ይታሰብበት።

አመሰግናለሁ።