ቅባቷ መሳቢያ ውስጥ ከረመች

እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ ቢኖርማ ይህን ወሬ መች አነሳዋለሁ!

63 ዓመቴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ሲያሳክከኝ ኖሬአለሁ። የቱ ጋ? ይኸው፣ እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰልላል። ብልቴ ላይ። ወጣልኝ! ለሐኪም እንኳ "ከታች በኩል" እያልኩ ነበር የምናገረው። እንዲያ ሲሏቸው ደግሞ ሳያዩ "ፈንገስ ነው" ብለው ይጽፋሉ። ሦስቴ ተጻፈልኝ። ቆዳው ግን እየነጣ፣ እየሳሳ፣ እንደ ሲጋራ ወረቀት እየተሸበሸበ ሄደ። ይሰነጠቃል፤ ሽንት ሲነካው እሳት ነው።

በመጨረሻ አንዲት የቆዳ ሐኪም "እስቲ ልይዎት" አለችኝ። አየችና ስሙን ነገረችኝ፤ ላይከን ስክለሮሰስ። አይተላለፍም፣ ከንጽሕና ጉድለትም አይመጣም። የሰውነት መከላከያ በገዛ ቆዳው ላይ ሲነሳ የሚመጣ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ይበረታል።

ክሎቤታሶል የሚባል ቅባት አዘዘችልኝ፤ ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው፤ የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት ማለት ነው። ቤቴ ገብቼ በውስጡ ያለውን ወረቀት ሳነብ፣ ብልት ላይ አይቀባም፣ ቆዳ ያሳሳል ይላል። እስቲ ፍረዱኝ! የእኔ ቆዳ ከዚህ በላይ ምኑ ይሳሳል? መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት። መድኃኒቴ ክንዴ የሚደርስበት ቦታ ተቀምጦ ሁለት ወር ሳክክ አደርኩ።

ስመለስ ሐኪሟ አልተቆጣችም። "ወረቀቱ ስለ ሁሉም ዓይነት ቆዳ ነው የሚያወራው። ለዚህ በሽታ ቀዳሚው መድኃኒት ግን ይኸው ነው" አለች። በሽታው ዝም ከተባለ ጠባሳ እየሠራ ያጣብቃል፣ ያጠብባል። ከመቶ አምስት በማይሞሉ ሴቶች ላይም ወደ ካንሰር ይሄዳል፤ በደንብ መታከም ያንን ይቀንሰዋል።

ለእኔ የታዘዘው፣ የመጀመሪያውን ወር ማታ ማታ፣ ሁለተኛውን አንድ ሌሊት እየዘለልኩ፣ ሦስተኛውን በሳምንት ሁለቴ ነበር። አንዷ 30 ግራም ሦስቱንም ወር አዳረሰችኝ።

የከበደኝ መስታወቱ ነው። ልጆች ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ፣ ያን የአካሌን ክፍል አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት በዳበሳ ቀባሁ፤ ለካ ነጩን ትቼ ጤነኛውን ነበር የምቀባው! መስታወቱን ወለል ላይ አስቀምጬ ሳይ መጀመሪያ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ሳቄ መጣ። አሁን እንደ ፊቴ አውቀዋለሁ። ማወቁም ጠቅሞኛል፤ በዓመት አንዴ ሐኪሟ ታየኛለች፣ በመሃል የማይድን ቁስል ወይም እብጠት ካየሁ ግን ቀጠሮ አልጠብቅም።

ሳሙና ትቻለሁ፣ በማለስለሻ ቅባት ነው የምታጠበው። ሽንት እንዳያቃጥለኝ ቫዝሊን ለቅለቅ አደርጋለሁ።

ድኛለሁ አልልም፤ ይህ በሽታ አብሮ የሚኖር ነው። ግን እተኛለሁ። ቅባቷን የምቀባባቸው ቀኖች እሑድና ሐሙስ ናቸው። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ልሂድ። ደኅና እደሩ።