ዶዘሩ ከመድረሱ በፊት

የተከበራችሁ የመንገድ መሐንዲሶች፣ ንብ አናቢዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

መንገድን ለማማት አልመጣሁም። ጎንደር ላይ ቆሞ መንገድ ይቅር የሚል ሰው፣ ምጥ የጠናባትን እናት በቃሬዛ ተሸክሞ አያውቅም ማለት ነው። የእኔ ጉዳይ መንገዱ በየት በኩል ይሂድ የሚለው ነው። ያውም ስለ ንብ ብዬ። የቀፎዋ ንብ ባለቤት አላት፤ የዱሯ ግን ተከራካሪ የላትም።

ከሩቁ ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

የብራዚል ነት የሚባለው ፍሬ ከሞላ ጎደል የሚለቀመው ከአማዞን የዱር ዛፍ ነው። አበባው ክዳን አለው። ክዳኑን ገፍታ የምትገባው ጉልበት ያላት ትልቅ ንብ ብቻ ናት። እንደ ጌጥ የሚያብረቀርቁት የኦርኪድ ንቦች ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ንቧ ከጠፋች ዛፉ ቢቆምም ፍሬ የለም።

እነዚህ ንቦች መንገድ ይሻገራሉ? በ1987 የታተመ፣ የብራዚል አማዞን ውስጥ ባለችው ማናውስ ከተማ አቅራቢያ የተሠራ ጥናት 100 ሜትር ምንጣሮ እንኳ ያግዳቸዋል አለ። በኋላ ፓናማ ውስጥ ተመራማሪዎች 300 ሚሊግራም የምትመዝን የሬዲዮ ማሰራጫ ንብ ጀርባ ላይ ለጠፉ። አንዱ ንብ መርከብ የሚመላለስበትን የፓናማ ቦይ ተሻግሮ ተገኘ! ስለዚህ «አስፋልት ንብ ይገድላል» ብሎ ነገሩን መዝጋት አያዋጣም።

የሚብሰው መንገዱን ተከትሎ የሚመጣው ነው። ብራዚል ሮንዶኒያ ውስጥ ዋናው መንገድ በ1984 አስፋልት ለበሰ። ግራና ቀኙን ቅርንጫፍ መንገድ ወረረው። ዛሬ ከሳተላይት ሲታይ የዓሣ አጥንት ይመስላል። በ2014 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ 95 በመቶ ገደማ የሚሆነው የአማዞን ምንጣሮ ያለው ከመንገድ በ5.5 ኪሎ ሜትር ወይም ከወንዝ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ንቧን መኪና ባይነካትም፣ የምትኖርበት ዛፍ በዚያው መንገድ ተጭኖ ይሄዳል።

እኛ አማዞን የለንም። የከፋና የሸካ ዓይነት ጥቅጥቅ ደንም እዚህ የለም። ግን ጣዝማ አለችን።

ጣዝማን እረኛ ይወቃት። አትናደፍም። የምትኖረው መሬት ውስጥ ነው። ደጃፏ ከሣር መሃል ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ የከተማ ልጅ ረግጧት ያልፋል። ታች ግን በሰምና በሙጫ የሠራቻቸው ጥቃቅን ማድጋዎች አሉ፤ ውስጣቸው ቀጠን፣ ኮምጠጥ ያለ ማር ነው። ለሳል ብላችሁ የገዛችሁ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። የቀፎ ንብ ሲከፋት ጥላ ትሄዳለች። የጣዝማ ንግሥት ግን እንቁላል መጣል ከጀመረች መብረር አትችልም። ግሬደሩ ሲመጣ መንጋው የት ይሂድ?

እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ከመንገዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሰሌክት፣ ማለትም ለመንገዱ መደልደያ የሚሆነው አፈርና ጠጠር፣ ተቆፍሮ የሚወጣበት ቦታ ነው። የመንገዱ ስፋት ዲዛይኑ ላይ ተጽፏል። ቁፋሮው ግን እንዳመቸ ይሰፋል፤ ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ እንደተከፈተ ይቀራል።

መንገድ ማዞር ይቻላል? እዚሁ ደጃችን ተደርጓል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ ነበር። በ2017 ሲወጣ ከተጠቀሱለት ሥራዎች አንዱ፣ ፓርኩን ለሚያቋርጠው ትራፊክ ተለዋጭ መንገድ መሠራቱ ነው። ለዋልያ ያን ያህል ከዞርን፣ ለጣዝማ ትንሽ ፈቀቅ ማለት አያቅተንም።

መሐንዲሶች፣ ችካል ከመተከሉ በፊት እረኞችንና ማር ቆራጮችን ይዛችሁ መስመሩን በእግር ሂዱበት። ቁፋሮ የታሰበበትንም ቦታ ጭምር። ማለፊያ ከጠፋ፣ ጣዝማን ከነጎጆዋ አውጥቶ ቀፎ ውስጥ ማላመድ የአገራችን ተመራማሪዎች የሞከሩት ነገር ነው። ወጪው ግን ውሉ ላይ ይግባ። ውል ላይ የሌለ ሥራ ማን ይሠራል?

ማር ቆራጮች ደግሞ ጎጆውን ብናሳይ ማሩ ይወሰድብናል ብላችሁ ትሰጋላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ስለዚህ የቀዳዳዎቹ ካርታ መሐንዲሱ ጋ ብቻ ይቀመጥ፤ ካምፕ ውስጥ አይለጠፍ። እናንተም ዶማችሁን ይዛችሁ ቀድማችሁ አትገኙ እንጂ!

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።