ጸሎት ቤትን ካርታ ላይ ማስፈር

ሰላም ለእናንተ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለንም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ሲያብሰለስለኝ ስለከረመ ነገር ላወራችሁ ነው።

ቦታ መመዝገብ እንደምወድ ታውቃላችሁ። ዌይማርኪንግ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 2005 የተጀመረ ድረ ገጽ ነው። ቦታው ድረስ በአካል ትሄዳለህ፣ በጂፒኤስ ነጥቡን ትይዛለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ፣ ታሪኩን አጠር አድርገህ ትጽፋለህ። ሌላው ሰው ያንን አይቶ ይሄዳል። ድልድዩም ሐውልቱም የራሱ ምድብ አለው። እኔን የያዘኝ ግን የአይሁድ ጸሎት ቤት ነው።

ለምን መሰላችሁ? ወለቃን አስቡት። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ፣ ከተማውን ብዙም ሳትርቁ ታገኙታላችሁ። ጸሎት ቤቱ አለ፣ ባለቤቶቹ ግን ሄደዋል። ቤተ እስራኤላውያን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉታል፤ ኦሪቱ በግዕዝ ይነበብበት ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከቦሌ ተነስቶ ወደ እስራኤል በረረ። ከዚያ በፊትም በሱዳን በኩል ብዙ ሺህ ሄዷል፤ መንገድ ላይ የቀረውም ብዙ ነው። እንግዲህ በየገጠሩ የነበሩትን መስጊዶች "እዚህ ጋ ነበር" ብሎ የሚያሳይ ሰው በየዓመቱ እያነሰ ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ነጥቡ በትክክል መያዝ አለበት። ጂፒኤሱ የሚሰጣችሁን የዲግሪ ቁጥር ከነጥብ በኋላ እስከ አምስት አኃዝ ብትጽፉት፣ ከአጻጻፉ የሚመጣው ስህተት ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ግድግዳው ቢፈርስ እንኳ የት እንደቆመ ይታወቃል።

እዚህ አዲስ አበባም ከየመኗ ኤደን የመጡ አይሁዶች ፒያሳ አካባቢ ምኩራብ ተክለው ነበር። እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

የሚያብሰለስለኝ ቀጨኔ ነው። ከተማው አልቆ እንጦጦ የሚጀምርበት ዳርቻ። ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሸማኔዎች፣ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች የሰፈሩበት። እናቶች ጀበናውን በለስላሳ ድንጋይ እያሹ ሲያወዙት አይቻለሁ። ጭቃው ቀስ በቀስ እንደ ቆዳ ያበራል፤ ያቺ ድንጋይም ከብዙ ማሸት የጣት ቅርጽ ይዛለች። ያንን ጀበና በየቤታችን ቡና እናፈላበታለን። ሠሪዎቹን ግን "ጠይብ" እያልን፣ "ቡዳ" እያልን ስንሸሻቸው ኖረናል። ከነሱ መሀል ቤተ እስራኤል ነን የሚሉ አሉ። እምነታቸውን ለረጅም ዘመን ደብቀው ነው የያዙት። መደበቁ ጌጥ አልነበረም፣ መትረፊያ ነበር።

እኔ ሥራ የማይበዛብኝ ቅዳሜ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ቅዳሜ አይሆንም። ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀችበት እስከ ቅዳሜ ምሽት ሰንበት ነው፣ ካሜራ አይወጣም። ስለዚህ በእሑድ ሄድኩ። የሰፈሩን አንድ አዛውንት አግኝቼ የምሠራውን ነገርኳቸው፣ ስልኬንም አሳየኋቸው። ካርታውን በጣታቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ሲያዩ ቆዩ።

"ይሄን ማን ያየዋል ልጄ?" አሉኝ።

"ማንም ሰው ያየዋል አባባ።"

"የሚወደንም የሚጠላንም?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እንግዲያው ሰፈሩን ጻፍ። በሩን ተው።"

ይሄን ስሰማ ያሰብኩት ስለ ወለቃ ነው። እዚያ በሩን መጻፍ ውለታ ነው፤ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ሄዷልና። እዚህ ግን ሰዎቹ አሉ። ነገ ጠዋት ከዚያው በር ይወጣሉ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ሰው የሚጸልይበትን ቤት አደባባይ ላይ ማውጣት የኔ መብት አይደለም፣ የነሱ ነው። "ታሪክ እንዳይጠፋ ብዬ ነው" የሚለው ምክንያት እዚህ ጋ አይሠራም። ታሪኩ በነሱ እጅ ነው፣ አልጠፋም። በኛ መዝጋቢዎች ዘንድ ይሄ ነገር በቅጡ የተወራበት አይመስለኝም። ፉክክሩ ማን ቀድሞ አስገባ ላይ ነው።

ደግሞ ሰፈሩን ብቻ መጻፍ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ላይ ካቆማችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል ነው የሚያሳየው። ቀጨኔ መሆኑ ይታወቃል፣ የማን ግቢ እንደሆነ አይታወቅም። ዌይማርኪንግ ትክክለኛውን ነጥብ ስለሚፈልግ እዚያ አላስገባውም። መግለጫውን ግን ጽፌዋለሁ። አይሁድ ሲጸልይ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም ያዞራል፤ ከቀጨኔ ሲታይ ኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን ናት፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ዘንበል ትላለች። እንጦጦን ፊት ለፊት እያዩ ነው የሚጸልዩት ማለት ነው። ይሄን በስልኬ ኮምፓስ ሳየው ደስ አለኝ፣ አዛውንቱም "እሱንስ ጻፈው" አሉኝ።

ጽሑፉን አትሜ እወስድላቸዋለሁ። የሰፈሩ ወጣቶች አንብበው የሚታረመውን ያርሙታል፣ የሚወጣውን ያወጡታል፤ ከፈለጉም እነሱ ጋ ይቀራል። እናንተ ደግሞ ጎንደር ወይም ስሜን አካባቢ ያደጋችሁ፣ አያቶቻችሁ "የፈላሻ መንደር" ሲሉ የሰማችሁት ባዶ የቀረ ቦታ ካለ፣ የወንዙንና የቅርቡን ገበያ ስም ጽፋችሁ ላኩልኝ። ክረምቱ ሲወጣ የምሄደው ወደዚያ ነው።