ጃርቱ ያልመጣባቸው ሌሊቶች

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሥራዬ እንግሊዝ አገር በሚገኝ አንድ ኮሌጅ፣ በእንስሳት እንክብካቤ ክፍል፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች መደገፍ ነው። ከመካከላቸው ኦቲዝም ያለባቸው፣ ማንበብና መጻፍ የሚከብዳቸው፣ ሐሳባቸውን በንግግር መግለጽ የሚቸግራቸው ወጣቶች አሉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በወጣው ሕግ መሠረት፣ የትምህርትና የጤና ድጋፍ ዕቅድ የተዘጋጀለት ወጣት እንደ ሁኔታው እስከ 25 ዓመቱ ድረስ ድጋፉ ሊቀጥልለት ስለሚችል፣ ቀስ ብሎ የሚማር ሰው ጊዜ ያገኛል።

ይህን ለአገሬ ሰዎች ስነግራቸው፣ «እንስሳት መንፈስን ያረጋጋሉ፤ ለልጆቹ መልካም ነው» ይሉኛል። ቅን ንግግር ነው፤ ነገር ግን ይከነክነኛል። ተማሪዎቼ በማለዳ የሚመጡት ለመረጋጋት ሳይሆን ለሥራ ነው። ጥንቸል ለግማሽ ቀን ያህል መብላት ካቆመች አንጀቷ ሥራውን ሊያቋርጥና ሕይወቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ የትናንቱ ድርቆሽ አለመነካቱን፣ በጠጧም ከወትሮው ማነሱን ቀድሞ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ሁለት ጊዜ ያስተዋለችው፣ ከሰው ጋር ዐይን ለዐይን መተያየት የማትወድ ተማሪ ናት፤ አስተማሪውም እኔም አይተን አልፈነው ነበር።

የምናስተምረው በሥዕል በተዘጋጁ ካርዶች ነው። በ2006 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ፣ እንስሳ የያዘ ሰው ሊያሟላቸው የሚገቡ አምስት ፍላጎቶችን ይዘረዝራል፤ ተስማሚ መኖሪያ፣ ተስማሚ ምግብ፣ ተፈጥሯዊ ጠባይን ማሳየት መቻል፣ ከሥቃይና ከበሽታ መጠበቅ፣ እንዲሁም እንደ ፍጥረቱ ከሌሎች ጋር ወይም ከሌሎች ተለይቶ መኖር። ይህ የመጨረሻው ደጋግሞ ያስቆመኛል። ጊኒ ፒግ የምትባለው ትንሽ የቤት እንስሳ ብቻዋን ስትሆን ትጨነቃለች፤ አይጥ መሰሉ የሶርያ ሃምስተር ግን ሌላ ሲጨመርበት ይጣላል። ይህን ለሃምስተር የምናውቅለት እኛው፣ ምሳውን ጥግ ይዞ ብቻውን የሚበላውን ተማሪ «ና፣ ከጓደኞችህ ጋር ተቀመጥ» እያልን ስንጎተጉተው ኖረናል። እኔ ትቼዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ በመንደራችን የማይናገር እረኛ ነበር። የየከብቱን ጠባይ ለይቶ ያውቃል፤ የታመመችውን ጊደር ከባለቤቷ ቀድሞ ያያል። ትዝታውን ግን ማሳመር አልፈልግም፤ ትምህርት ቤት ያልገባው እረኝነትን መርጦ ሳይሆን የሚያስገባው ስላልነበረ ነው፤ እውቀቱንም እውቀት ብሎ የመዘገበለት የለም። እዚህም ቢሆን ነገሩ አላለቀም። አንድ ተማሪያችን ለሥራ ልምምድ የሄደበት ቦታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግቢ ሲያስጠርገው ከርሞ፣ «ለእንስሳት ፍላጎት አላሳየም» ብሎ መልሶልናል።

ይኸው ተማሪ ነው በዱር እንስሳት ጥበቃ ትምህርታችን የመዝገብ ኃላፊ የሆነው። የእንግሊዞቹ ጃርት እኛ አገር የምናውቀው ረጅም እሾህ ያለው አይደለም፤ በሁለት መዳፍ የሚታቀፍ፣ ትልና ጥንዚዛ እየለቀመ የሚኖር ትንሽ ፍጥረት ነው። በ2020 በታላቋ ብሪታንያ ለመጥፋት ከተጋለጡ አጥቢ እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። መኖሩን ለማወቅ ከአጥር ሥር ጠባብ መሿለኪያ ይቀመጣል፤ መካከሉ ላይ የድመት ምግብ፣ ከወዲያና ከወዲህ በዘይት የተለወሰ የከሰል ዱቄት፣ በሁለቱ አፎች ደግሞ ነጭ ወረቀት ይደረጋል፤ ሊበላ የገባ ሁሉ ሲወጣ ዱካውን ጥሎ ይሄዳል። አምስት ሌሊት ይቆያል፤ በየማለዳው ይፈተሻል።

አራቱ ማለዳዎች ባዶ ነበሩ። ልጁ በየዕለቱ ቀኑን ጽፎ፣ «ምንም የለም» ብሎ አስፈረመኝ። ባዶ ወረቀትም መረጃ መሆኑን አንድ ጊዜ ነግሬው ነበር፤ ሁለተኛ ማስታወስ አላስፈለገኝም። በአምስተኛው ማለዳ ዱካ ታየ። እኔ ገና ከሩቅ «ጃርት!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡ። እርሱ አላጨበጨበም። የሥዕል ካርዱን ከዱካው ጎን ዘርግቶ ጣቶቹን ቆጠረ፤ አራት ጣት፣ ጥፍር የለም። «ድመት» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን ለፊርማ አቀበለኝ።