የጨበጨብንለትን መድረክ እንስጠው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የክብር እንግዶች፣ ወላጆች፣ በተለይ ደግሞ ከፊት የተቀመጣችሁ ወጣት ድምፃውያን፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ!

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ የሒሳቡን ደግሞ ገንዘብ ያዣችን በሰፊው ያቀርቡላችኋል። እኔ በተሰጠኝ ጊዜ ስለ አንድ ድምፃዊ ልናገር። ሮበርት መክፈሪን ይባላል። ባሪቶን ነበር፤ ከቴኖር ወፈር፣ ከባስ ቀጠን ያለው የወንድ ድምፅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 በአርካንሶ ግዛት የተወለደ የሰባኪ ልጅ ነው። አባቱ ከመዝሙር በቀር ሌላ እንዲዘፍን አይፈቅዱለትም ነበር። በ1953 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ፣ ባጭሩ «ሜት»፣ የሚያዘጋጀውን የድምፃውያን ውድድር አሸነፈ። ጃንዋሪ 27 ቀን 1955 በዚያ መድረክ ላይ በዋና ገጸ ባሕርይ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። ጥቁሯ ድምፃዊት ማሪያን አንደርሰን በሩን የከፈተችው ከእሱ 20 ቀን ቀደም ብላ ነው።

ያን ምሽት የተጫወተው ማንን መሰላችሁ? የኢትዮጵያን ንጉሥ! በጣሊያናዊው አቀናባሪ በቬርዲ «አይዳ» ኦፔራ ውስጥ ያለውን አሞናስሮን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። «አይዳ» በግብፁ ገዥ በኬዲቭ እስማኤል ትእዛዝ ተደርሶ፣ ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። በኦፔራው ውስጥ ኢትዮጵያዊው ንጉሥ ይሸነፋል፤ ይማረካል። አራት ዓመት ቆይቶ የዚያው የኬዲቭ ጦር ራሱ ወደ አገራችን ዘመተና ጉንደት ላይ፣ በማግሥቱም ዓመት ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ተመታ። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ።

አሞናስሮ ረጅም ሚና አይደለም። ባሪቶን ግን ይፈተንበታል። ሦስተኛውን ክፍል ልብ ብላችሁ ስሙት። ሌሊት ነው፤ የዓባይ ዳር ነው። አባት ልጁን አይዳን የጠላትን የጦር መንገድ የግብፅ ጦር አዛዥ ከሆነው ወዳጇ እንድታወጣጣለት ይለምናታል። መጀመሪያ ያባብላታል፤ የአገሯን ደንና መዓዛውን ያስታውሳታል። እምቢ ስትለው ይቆጣል፤ ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ይላታል። እግሩ ላይ ወድቃ ስትለምነው ደግሞ፣ ያ ሁሉ ቁጣ ገና ከጉሮሮው ሳይወጣ፣ ስለ ተሸነፈው ሕዝቡ የሚናገርበትን ረጅም ዜማ ይጀምራል። ትንፋሹ መቆረጥ የለበትም፤ አንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር መያያዝ አለበት። ማይክሮፎን የለም። ፊት ለፊቱ ሙሉ ኦርኬስትራ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ከሦስት ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ አዳራሽ። ጥሩ ሐያሲ አንድ ባሪቶን «አድጓል» ወይም «ገና ነው» ብሎ የሚፈርደው እንዲህ ባሉ ጥቂት ደቂቃዎች ላይ ነው።

መክፈሪን ይህን በር አልፎ ገባ፤ ስሙም በጋዜጣ ወጣ። ከዚያስ? በሦስት የትርኢት ዘመን ውስጥ ሜት ላይ የዘፈነው 10 ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያው አዳራሽ ከዚያ 30 ዓመት ቀደም ብሎ የሆነውን ደግሞ ተመልከቱ። ጃንዋሪ 2 ቀን 1925 የቬርዲ ኦፔራ «ፋልስታፍ» በሚታይበት ምሽት፣ ሎውረንስ ቲቤት የተባለ እምብዛም ስም ያልነበረው ወጣት ባሪቶን ቀናተኛውን ባል ፎርድን ተጫወተ። የቅናቱን ነጠላ ዜማ ዘፍኖ ሲጨርስ ታዳሚው አጨበጨበ። አንጋፋው አንቶኒዮ ስኮቲ አብሮት ወጥቶ እጅ ቢነሳም ጭብጨባው አልበርድ አለ፤ ሕዝቡ የፈለገው ወጣቱን ለብቻው ነበርና። ብቻውን እስኪወጣ ድረስ ኦፔራው ሊቀጥል አልቻለም። በማግሥቱ ጋዜጦች ተቀባበሉት። ቲቤት ከዚያ በኋላ እስከ 1950 ድረስ በሜት ከ600 ጊዜ በላይ ዘፈነ።

ልዩነቱ የድምፅ ብቻ ነው ለሚለኝ አልስማማም። አንዱ ከሙገሳው በኋላ የሚያድግበት መድረክ ተሰጠው፤ ሌላው በቆዳው ቀለም ምክንያት በር ላይ ብዙ ጠበቀ። መክፈሪን በ1957 ሜትን ለቀቀ። «ፖርጊ እና ቤስ» ፊልም ሲሠራ ሲድኒ ፖይቲየር በትወና፣ እሱ በድምፅ ተካፈሉ። ያ ድምፅ ለብዙ ሕዝብ የደረሰው በሌላ ሰው ፊት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ዘመን አልቆመም። ሴፕቴምበር 27 ቀን 2021 ሜት ከወረርሽኙ በኋላ ሲከፈት፣ በ138 ዓመት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የጥቁር አቀናባሪን ኦፔራ ይዞ ቀረበ፤ የቴረንስ ብላንቻርድን። መሪ ሚናውን የያዘው ባሪቶኑ ዊል ሊቨርማን ነበር። ሐያስያን አሞገሱት፤ ሙገሳውም እዚያው አልቀረም፤ በ2023 በዚያው መድረክ ማልኮም ኤክስን ሆኖ ተጫወተ።

ወደ እኛ ልመለስ። ልጆቻችን ዘፍነው ሲወርዱ «መረዋ ድምፅ! እግዜር ይባርክህ!» እንላለን፣ አብረን ፎቶ እንነሳለን፣ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ልጁ በማግሥቱ ፒያኖ የሚያጅበው ሰው የለውም፤ የልምምድ ሰዓቱን የሌሊት ፈረቃ ይበላበታል። በዓል ሲሆን ደግሞ በነፃ እንዲዘፍንልን እንጠራዋለን። ይህ መቆም አለበት። ለድምፅ መሣሪያ አከራይ፣ ለምግብ አቅራቢ እንከፍላለን፤ ለድምፃዊውም እንክፈል።

ሁለተኛው ልመናዬ ብዕር ላላችሁ ነው። በአማርኛ ጻፉላቸው። «ድንቅ ነበር» ብላችሁ አትለፉ። የትኛው ቦታ ላይ ትንፋሽ እንዳጠረው፣ የትኛው ቃል እንዳልተሰማ፣ የቱ ጋ ጸጉራችሁ እንደቆመ ጻፉ። ወጣት ድምፃዊ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ይዞ ወደ መምህሩ ይሄዳል፤ ለፈተና ሲቀርብም ይረዳዋል።

በአጀንዳችን አራተኛ ተራ ላይ ያለው ረቂቅ በጀት ለፒያኖ አጃቢና ለልምምድ አዳራሽ ኪራይ ገንዘብ ይጠይቃል። የሥራ አስፈጻሚው በአንድ ድምፅ ደግፎታል። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፣ ቅር ያላችሁም ተናገሩ፤ ከምሳ በፊት ግን ድምፅ እንስጥበት።

ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ ወደ መድረኩ ይምጡልን።