እርሾው ውስጥ ማን ከማን ጎን ነው?

እንደምን አመሻችሁ።

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፣ የክፍል ጓደኞቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አራት ኪሎ ተገናኝቶ ስለ ባክቴሪያ ማውራት ለእኛ አዲስ አይደለም። ግራም ስቴይን፣ ባክቴሪያን በቀለም የምንለይበትን ዘዴ፣ የተማርነው እዚሁ ነው። ጣታችን በክሪስታል ቫዮሌት ወይን ጠጅ ሆኖ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያፈጥብን ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ።

እንድናገር የተጠየቅኩት ተደባልቀው የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያንን አንድ በአንድ ስለምናይባቸው ዘዴዎች ነው። እናገራለሁ። የመጣሁት ግን አንድ ነገር ለማለት ነው፤ እኛ ማየት ትተናል።

ናሙና እንወስዳለን። እንፈጨዋለን። ዲኤንኤውን አውጥተን ወደ ውጭ እንልካለን። ከወራት በኋላ የባክቴሪያዎቹ ስም ዝርዝር በኢሜይል ይመጣልናል። ዝርዝሩን አልጠላሁትም፣ ብዙ አስተምሮኛል። ግን መርካቶን አስቡ። እዚያ የዋለውን ሰው ሁሉ ስም በአንድ ወረቀት ብትጽፉ መርካቶን አወቃችሁ ማለት ነው? ሸማ ተራ የቱ ጋ እንደሆነ፣ ምናለሽ ተራ ማን ከማን ጎን እንደሚሸጥ፣ ተሸካሚው ከየት ወደ የት እንደሚሮጥ ወረቀቱ አይነግራችሁም። መርካቶ ማለት ተራው ነው። ባክቴሪያዎችም ተራ አላቸው።

ይሄ የገባኝ በእናቴ እርሾ ነው። አንድ ክረምት እንጀራዋ ዓይን አላወጣ አለ። ጤፉ ያው ጤፍ፣ ምጣዱም ያው። አብሲቱን ደጋግማ ጣለች፣ አልሆነም። በመጨረሻ «እርሾው ነው» አለችና ከጎረቤት እርሾ ተበደረች። በሚቀጥለው ጋገራ እንጀራው ዓይን በዓይን ሆነ። እኔ የድሮውንም የጎረቤትንም እርሾ በሁለት ጠርሙስ ይዤ ያኔ ወደምሠራበት ላብ ሄድኩ። አጋር ላይ፣ ባክቴሪያ በሚበቅልበት ጄሊ መሰል ምግብ ላይ፣ ዘራኋቸው። ሁለቱም ሳህኖች ላይ የበቀለው የሚመሳሰል ነበር፤ ሊጥ የሚያኮመጥጡት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ኮሎኒዎች (ክምችቶች)፣ የስት የሚባለው ባለ አንድ ሴል ፈንገስም አለ። ሳህኑ ላይ ልዩነት የለም። ምጣዱ ላይ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አጋር መርጦ እንደሚያበቅል ሁላችንም ተምረናል። ከአፈርና ከውሃ በማይክሮስኮፕ ከምናያቸው ሴሎች ብዙ ጊዜ ከመቶ አንዱ እንኳ ሳህን ላይ አይበቅልም። ስለዚህ «በቃ፣ በቦታቸው አያቸዋለሁ» አልኩ።

መንገዱ ነበረ። በ1989 እ.ኤ.አ. ዲሎንግ፣ ዊክሃምና ፔስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቀላል የሚመስል ሐሳብ አሳተሙ። አንድ ሴል ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ራይቦዞም፣ ፕሮቲን የሚሠራ ቅንጣት፣ አለ። የራይቦዞሙ አርኤንኤ፣ ከዲኤንኤ የሚገለበጠው የፊደል ሰንሰለት፣ ደግሞ ከዝርያ ዝርያ ይለያል። 20 ፊደል የማትሞላ አጭር ዲኤንኤ ሠርተህ፣ የሚያበራ ቀለም አስረህ ትልካታለህ። የምትፈልገው ባክቴሪያ ውስጥ ስትገባ ትያያዛለች፣ ሌላው ውስጥ ታጥባ ትወጣለች። ዘዴው ፊሽ ይባላል። 46 ዲግሪ የሚይዝ ኢንኩቤተር (ማሞቂያ ሳጥን)፣ ፎርማማይድ የሚባል ኬሚካልና ትዕግሥት ይበቃሃል። ተማሪዎች፣ ይቺን ጻፉልኝ፦ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ግድግዳ በሚበላው ኢንዛይም፣ በላይሶዛይም፣ ካላሳሳችሁት ቀለሙ አይገባም። የእህል ቅንጣትም በራሱ ስለሚያበራ ቀለም ያልነካው ሊጥ ሁልጊዜ ጎን ለጎን እዩ።

ሁሉን አዘጋጅቼ ስላይዴን ይዤ የሚያበራ ቀለም ወደሚታይበት ወደ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፑ ሄድኩ። ማብሪያውን ተጫንኩ። ጨለማ። መብራቱ ሞቷል።

የሜርኩሪ መብራት ዕድሜው 200 ሰዓት ገደማ ነው። ማለቁ ብልሽት አይደለም፤ ያለ ነው፣ እንደ ሻማ። ጥያቄ ጻፍኩ። «ቋሚ ዕቃ ነው ወይስ አላቂ?» ተባልኩ። አላቂ ነው አልኩ። «ማይክሮስኮፕ እንዴት አላቂ ይሆናል?» ማይክሮስኮፑ አይደለም፣ መብራቱ ነው! «3 ፕሮፎርማ አምጪ።» አዲስ አበባን ዞርኩ፣ አንድ አገኘሁ። በአንድ ፕሮፎርማ አይሆንም ተባለ። ሰኔ 30 ደረሰ፣ በጀት ተዘጋ። ሐምሌ ላይ እንደገና ጻፍኩ። የጻፍኩለት ኃላፊ ተቀይሯል። አዲሱ «ቋሚ ነው ወይስ አላቂ?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማይክሮስኮፑ ሰማያዊ ፕላስቲክ ለብሶ ቆመ። እንግዳ ሲመጣ ፕላስቲኩ ይነሳል፣ ፎቶ ይነሳበታል፣ መልሶ ይለብሳል። ማይክሮስኮፕ ቡፌ ውስጥ እንደሚደረደር የእንግዳ ብርጭቆ አይደለም! የሚያይበት ሰው ከሌለ ብረት ነው! በዚያው ፕላስቲክ ሥር ስንት ተማሪ ዲግሪውን ይዞ ወጣ? አንድ ቀን እንኳ የሚያበራ ባክቴሪያ ሳያይ! ይሄን የምለው በድህነታችን አዝኜ አይደለም። መሣሪያው ነበረን። የጎደለው ለአንድ አምፖል የሚፈርም እጅ ነው!

የእናቴ አሮጌ እርሾ ምን እንደጎደለው እስከ ዛሬ አላውቅም። እርሾው ራሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሞተ።

ማየት ምን እንደሚሰጥ ደግሞ ሌሎች አሳይተውናል። ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ በራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ የጥርሱን ቆሻሻ አይቶ በ1683 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ ሕያዋን መኖራቸውን ብቻ ነበር የነገረን። በ2016 እ.ኤ.አ. ያንኑ የጥርስ ቆሻሻ በብዙ ቀለም ፊሽ ያዩት ተመራማሪዎች ጃርት የሚመስል ከተማ አገኙ። መሐሉ ላይ የኮርኒባክቴሪየም ረጃጅም ክሮች። ጫፋቸው ላይ፣ ኦክስጅንና ምራቅ በሚደርስበት፣ ስትሬፕቶኮከስ እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድሯል። ኦክስጅን የማይወዱት ወደ ውስጥ ገብተዋል። በስም ዝርዝር ላይ እነዚህ ሁሉ ተራ በተራ የተጻፉ ስሞች ናቸው። ሥዕሉን ስታዩ ግን ሰፈር ነው።

ሌሎቹን ዘዴዎች በአጭሩ ልንካ። ኮንፎካል የሚባለው ማይክሮስኮፕ በሌዘር ሥሥ ሥሥ አድርጎ ንብርብሩን ያሳያል። ፊሽ ማን የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ለዚያ ራማን የሚባል የብርሃን መለኪያ አለ፤ ከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ የከበደ ውሃ) የጠጣው ሴል በብርሃኑ ይለያል። ናኖሲምስ የሚባል መሣሪያም አለ፣ ውድ ነው። እነሱን ለሌላ ቀን እንተዋቸው።

ዛሬ የኤልኢዲ መብራት በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ያገለግላል። ለአሮጌ ማይክሮስኮፕም የሚገጠም አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ፊርማችሁ የሚሠራ ሰዎች ተቀምጣችኋል፣ አውቃችኋለሁ፣ ታውቁኛላችሁ። የፕላስቲኩን ነገር ሳታነጋግሩኝ እንዳትወጡ።

በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ኤልኢዲ የገጠምኩለት ማይክሮስኮፕ አለ። ስላይዱ ላይ ያለው የጎረቤታችን እርሾ ልጅ ነው፣ እናቴ ዛሬም በሱ ነው የምታቦካው። አረንጓዴዎቹ ባክቴሪያ ናቸው፣ ትልልቆቹ ቀዮቹ የስት። ተማሪዎች ቅድሚያ ይዩ። እኛ ከኋላ እንሰለፋለን።

አመሰግናለሁ።