እናንተ ተቀባዮች ናችሁ

(ደሴ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ?

የክበቡ ልጆች ሲጋብዙኝ «ፍርሃት የሚያጠፋ ነገር ንገሩን» ነው ያሉኝ። ከወዲሁ ልናገር፤ የሚያጠፋ ነገር የለኝም። ለብዙ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፤ ዛሬም እዚህ ስወጣ ጣቶቼ ቀዝቅዘዋል። ለምን እንደሚቀዘቅዙና ምን እንደሚደረግ ግን የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ ስለ እናንተ፣ ወንበር ላይ ስለተቀመጣችሁት፣ የምለው አለኝ። «ዛሬ ወቀሳው ለተናጋሪዎች ነው» ብላችሁ ዘና ብላችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ተስተካክላችሁ ተቀመጡ።

ሁላችንም በምናውቀው ነገር ልጀምር። የግሩፕ ፕሬዘንቴሽን። ስድስት ልጆች ይወጣሉ። የተጻፈበት ትልቁ ወረቀት ሰሌዳው ላይ በፕላስተር ይለጠፋል፤ አንዱ ጥግ ወዲያው ይላቀቃል። አንዷ ልጅ ትናገራለች። አምስቱ ከኋላዋ ተደርድረው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ከአምስቱ አንዱ የተላቀቀውን ጥግ በእጁ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ሥራ አገኘ ማለት ነው፣ እስከ መጨረሻው አይለቀውም። መምህሩ «ሌሎቻችሁስ?» ሲል «እሷ ጨርሳዋለች ቲቸር» ይላሉ። ክፍሉ ይስቃል። ማርኩ ለስድስቱም እኩል ይያዛል። በዚህ አካሄድ አንድ ልጅ ሰው ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይናገር አስራ ሁለተኛ ክፍልን ሊጨርስ ይችላል። ጎበዝ ስለሆነ ማንም አይጠይቀውም። ዝምተኛ ስለሆነም «ጨዋ ልጅ ነው» ይባላል።

ስማችሁ ሲጠራ ምን ትሆናላችሁ? ልብ ይደልቃል። አፍ ይደርቃል። መዳፍ ያልባል። ጉልበት ይብረከረካል። ይህ ሁሉ የአንድ ትእዛዝ ውጤት ነው። አንጎል «አደጋ መጣ» ሲል ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል። ደም ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል። የቆዳ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ጣት የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ምግብ መፍጨት ለጊዜው ይዘገያል፣ ምራቅም ይቀንሳል፤ አፍ የሚደርቀው ለዚህ ነው። በአጭሩ ሰውነታችሁ ጅብ የመጣ መስሎታል። እንድትሮጡ ወይም እንድትገጥሙ አዘጋጅቷችኋል። ፊት ለፊታችሁ ያለው ግን 10ኛ ቢ ነው።

ስለዚህ ልባችሁ ሲመታ «በቃ አለቀልኝ» አትበሉ። ጉልበት እየመጣላችሁ ነው። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ንግግር ሊያደርጉ የተዘጋጁ ሰዎችን ከፍላ ገሚሱን «ተረጋግቻለሁ»፣ ገሚሱን «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ አደረገች። የተሻለ የተናገሩት ጓጉቻለሁ ያሉት ናቸው። ነገሩ ግልጽ ነው። እየደለቀ ያለ ልብ ተረጋጋ ስለተባለ አይረጋጋም። ድለቃውን ለሥራው ማዋል ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ወላጆች ልዙር፤ አትቆጡኝ። ልጆቻችንን የምናሳድገው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እያልን ነው። «ትልቅ ሰው ሲያወራ ዝም በል» እያልን ነው። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ሰላም ይላል፣ ፈንዲሻውን ያቀርባል፣ ይወጣል። ምክሩ መጥፎ ነው አልልም፤ አፉን የማይጠብቅ ሰው ስንት ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለን። ግን አስራ አምስት ዓመት ሙሉ ዝም በል የተባለ ልጅ አንድ ቀን ጠዋት «ውጣና ተናገር» ሲባል ከየት ያምጣው? የወሎ ቤት ደግሞ ቡና አያጣም። አቦል ሲቀዳ ልጁን «እስቲ ዛሬ የተማርከውን ንገረን» በሉት። እስከ በረካ ይጨርሳል። ሲሳሳት አታቋርጡት። ጎረቤቶች ካሉ በጣም ጥሩ ነው፤ አምስት ሰው ፊት የለመደ ልጅ ሃምሳ ሰው ያን ያህል አያስደነግጠውም።

ሌላም አለ። እናንተ ዘጠነኛ ክፍል ስትገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ፍርሃት የምንለው ነገር የቋንቋ ጭንቀት ነው። በአማርኛ ጨዋታ አዋቂ የሆነ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ምላሱ ይተሳሰራል። ለዚህ አንድ ዘዴ አለኝ። ርዕሱን መጀመሪያ ለጓደኛችሁ በአማርኛ አስረዱት። በአማርኛ ማስረዳት ካቃታችሁ ችግሩ እንግሊዝኛው አይደለም፣ ርዕሱ አልገባችሁም። ከገባችሁ በኋላ ወደ አጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች መልሱት። ከመጽሐፍ የተቀዳ ረጅም ዓረፍተ ነገር መሐል መንገድ ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

ወሎ የመንዙማ አገር ነው። አምባሰልና ባቲ ደግሞ የአገር ስም ብቻ አይደሉም፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ በእነሱ ስም ይጠራሉ። ሰው ፊት ድምፅ ማውጣት እዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። መንዙማ የሚባልበት ቦታ ተቀምጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ካልሆነም ሠርግ ላይ አይታችኋል። አውጪው አንድ ስንኝ ያወጣል። ተቀባዩ ይቀበለዋል። ጭብጨባው ይገባል፣ ድቤው ይከተላል። አውጪው ድምፁ ቢሰነጠቅ ወይም ስንኙ ቢጠፋበት ምን ይሆናል? ምንም። ተቀባዩ አዝማቹን አንድ ጊዜ ጨምሮ ይለዋል፤ በዚያ መሐል አውጪው ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ስንኙም ይመጣለታል። ብዙ ጊዜ ከአውጪው ሌላ የጠፋበት መሆኑን ያወቀ የለም። ማንም «ጠፋበት!» ብሎ አይስቅም። ቢስቅ የሚያፍረው የሳቀው ነው።

ክፍላችን ውስጥ ግን አውጪ አለ እንጂ ተቀባይ የለም። ልጅቷ አንድ ቃል ስትሳሳት ከኋላ ወንበር አንዱ ይደግመዋል። ሳቅ ይነሳል። ያ ቃል እስከ ሰኔ ስሟ ሆኖ ይቀራል። የሚቀጥለው ተናጋሪ ይህን አይቶ ነው የሚወጣው። አንድ ክፍል ውስጥ ፍርሃት የሚገባው እንደዚህ ነው። ፈሪው ልጅ ከቤቱ ያመጣው ብቻ አይደለም፤ ግማሹን የሰጠነው እኛ ነን። ስለዚህ ምክሩ ሁሉ ለተናጋሪው ሲሰጥ ደስ አይለኝም። ወንበር ላይ ያለውም ሥራ አለው። ተናጋሪዋ ቀና ስትል የሚያያት ዓይን ይኑር። ነጥቡ ሲገባችሁ ራሳችሁን ነቅነቅ አድርጉ። ቃል ሲጠፋባት የምታውቁት ከሆነ ቀስ ብላችሁ አቀብሏት። ካላወቃችሁ «አብሽሪ» በቂ ነው። ወጪ የለውም።

ወደ ተናጋሪው ስመለስ፣ አንድ የሚያጽናና ነገር ልንገራችሁ። ፍርሃታችሁ እናንተ ለራሳችሁ የሚሰማችሁን ያህል ለሰው አይታይም። ኬኔት ሳቪትስኪ እና ቶማስ ጊሎቪች የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ይህን ለክተውታል። ተናጋሪዎች የልባቸው ምት ፊታቸው ላይ የተጻፈ ይመስላቸዋል። ተመልካቹ ግን እነሱ ከሚገምቱት በጣም ያነሰ ነው የሚያየው። የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። ይህንን እውነት ቀድመው የተነገራቸው ተናጋሪዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ንግግር አደረጉ። በተመልካቹም በራሳቸውም ግምት። እናንተም ይኸው አሁን ተነግሯችኋል።

የሚታይ ነገር ካለ ወረቀት ነው። ትንሽ የሚንቀጠቀጥ እጅ አንድ ነጠላ ወረቀት ሲይዝ ወረቀቱ ይርገበገባል። ድምፅም አለው። አንዲት ተማሪዬ የራሷ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰምታ ነው የደነገጠችው። በሚቀጥለው ጊዜ ወረቀቱን ደብተር ላይ አድርጋ ያዘችው። እጇ እንደ በፊቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ደብተር ግን አይርገበገብም። በዚህች ብቻ ግማሽ መንገድ ሄደች።

ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ደቂቃ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እንደ ስማችሁ እወቋቸው። ሌላውን በቃላችሁ አትያዙ። ሙሉውን የሸመደደ ሰው አንድ ቃል ሲጠፋው ሁሉም ይጠፋዋል። ነጥቦቹን ብቻ ጽፋችሁ ያዙ። ቤት ስትለማመዱ በልባችሁ አታንብቡ፤ ቁሙና ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። አፍ የሚለምደው በመናገር ነው። ከተቻለ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ገብታችሁ ሰሌዳው አጠገብ ቁሙ። ተራችሁ ሲደርስ አየሩን ወደ ውስጥ ከምትስቡበት ይልቅ ቀስ ብላችሁ የምታስወጡበትን አስረዝሙ፤ ረጅም አወጣጥ የልብን ምት ዝግ ያደርጋል። ከዚያ ውጡ፣ ቁሙ፣ ሰውን እዩ፣ ጀምሩ። ወጥታችሁ ሳትቆሙ መናገር አትጀምሩ።

ዝም ማለትንም አትፍሩ። ከዚሁ ከደሴ አንድ ታሪክ ላንሳ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ በቦምብ ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ያን ጊዜ እዚሁ ደሴ ነበሩ። ከሰባት ወር ገደማ በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። አፋቸውን ከመክፈታቸው የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አደበላለቁት። እሳቸው አልመለሱም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ረባሾቹ እስኪወጡ ድረስ ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ በአማርኛ ተናገሩ። በውስጣቸው ምን ይሰማቸው እንደነበር እሳቸው ያውቃሉ። የኋላ ወንበር ሲስቅባችሁ ግን ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። አትሽቀዳደሙት። ቁሙ። ሳቅ ይደክማል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበልና ልለፍ። ፈተናና ፕሬዘንቴሽን ሲመጣ «ጫት ድፍረት ይሰጣል» የምትሉ አላችሁ፤ መምህራንም የማናውቅ መስለን እናልፋለን። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብን ምትና የደም ግፊትን ይጨምራል። ልቡ እየደለቀ ያለ ሰው ላይ ሌላ ድለቃ መጨመር ነው። ባዶ ሆድ ላይ ሦስት ስኒ ቡናም እንዲሁ። ቁርስ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ።

ለመምህራን ጓደኞቼ ደግሞ ሁለት ልመና አለኝ። ተማሪ እየተናገረ ሰዋስው አታርሙ፤ ሲጨርስ ንገሩት። ዝም ያለውን ልጅ ደግሞ እንደ ቅጣት በድንገት አታስወጡት። ዛሬ ከወንበሩ ሳይነሳ ይመልስ። በሚቀጥለው ሳምንት ቆሞ ይመልስ። ከዚያ ሰሌዳው ጋ ይምጣ። እየፈራ የተለማመደ ልጅ ይለምዳል፤ እየፈራ የቀረ ልጅ ግን በቀረ ቁጥር ፍርሃቱ ይጨምራል። የግሩፕ ሥራ ሲሆን ደግሞ ስድስቱም አንድ አንድ ነጥብ ይናገሩ። ወረቀቱን ለመያዝ ፕላስተር እንጨምር።

ቀጣዩ ሰዓት የተማሪዎቹ ነው። መጀመሪያ የሚወጡት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ማይክ ይዘው ሲቆሙ ለአብዛኞቹ የመጀመሪያቸው ነው። ማይኩ ሲጠጉት ያፏጫል፤ ከአፋችሁ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ፣ እናንተ ተቀባዮች ናችሁ። አመሰግናለሁ።